ጃጅተው ነው ከማለታችን በፊት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማ ውስጥ በሸሚዝ የዋለ ሰው እዚህ ሲወርድ ጋቢ ይፈልጋል። በአንዱ በኩል የወገራ የገብስ ማሳ ተዘርግቷል። በሌላው በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች የአርማጭሆ ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ሊመሽ ሲል ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብርዱ ነው።

አንድ ኅዳር 20 ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማ ተንፍሶ እዚያው ቆምን። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። አንዱ እግራቸው ኮንጎ ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶውን ነው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ላለፈው ሰው ሁሉ፣ «በቅሎዋን ጭነሃታል?» ይላሉ። በቅሎ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ከመካከላችን አንዱ ብር ዘረጋላቸው፤ አላዩትም። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። አንዲት ሴት ከልቧ አዝና፣ «ወይኔ አባቴን! ጃጅተው ነው እኮ» አለች። ይህን ቃል ስንሰማ ሁላችንም ትንሽ ቀለል አለን። ነገሩ ታውቋላ! እርጅና ነው፣ ከዕድሜ የመጣ ነው፣ ዘመድ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

ከመንገዱ ማዶ ቅቅል ድንች የምትሸጥ አንዲት የኮሶዬ ሴት ነበረች። ሳፋዋን ለልጇ ትታ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች፤ ፊቷ ከፊታቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደኅና ናችሁ?» አሉ። ሰላምታው ሙሉ ነበር፤ አንድ ቃል አልጎደለውም።

በቅሎ የለም አላለቻቸውም። «በቅሎዋ ወዴት ነበር የምታደርስዎ?» አለቻቸው።

«ለማርያም ንግሥ ነዋ!»

በማግስቱ ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም በዓል ነበር። ሽማግሌው በቅሎዋን ከየት እንዳመጧት አላውቅም፤ ቀኑን ግን አልሳቱም። ሴትዮዋ ቀጠለች፦ «ደብርዎስ ማርያም ናት?» «የእኛስ ሚካኤል ነው» አሉና የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የአንድ ጎጥ ስም ጠሩ። ቀበሌ፣ ስልክ፣ መታወቂያ ብትላቸው ኖሮ ምንም አታገኝም ነበር። ደብራቸውን ጠየቀች፣ ከዚያ አድራሻቸው ወጣ።

የሁሉ ቁልፍ የሆነውን ነገር የነገረን ግን በግ የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነው። «እኒህን አባት ታውቃቸዋለህ?» ስትለው፣ «አዎ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ በግ ሲሸጡ አይቻቸዋለሁ። ከነጋዴው ጋር ሲከራከሩ ነበር» አለ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ በግ ተከራክሮ የሸጠ ሰው ማክሰኞ የሌለች በቅሎ እንድትጫንለት ከጠየቀ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የገባ በሽታ አለ ማለት ነው። በጤና ሙያ ብዙ ዓመት የሠራሁት እኔ ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ድንች ሻጯ ቀደመችኝ። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

መቼ ጀመራቸው?

አማርኛችን ለአረጋዊ ግራ መጋባት አንድ ቃል ብቻ አዘውትሮ ይጠቀማል፦ መጃጀት። ሐኪሞች ግን ሁለት ነገር ይለያሉ፤ ልዩነቱም የሞትና የሕይወት ነው።

አንደኛው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ዲሜንሺያ ይሉታል፣ በእኛ አገር የመርሳት በሽታ የሚለው ስም ተለምዷል። በወራትና በዓመታት ይገባል። መጀመሪያ ቁልፍ ያስጠፋል፣ ቆይቶ ወጥ ያስደግማል፣ በመጨረሻ የልጅ ስም ያስረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ችግር ነበረባቸው፣ ከእነዚህም ከመቶ ስድሳ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከእርጅና ጋር አብሮ ይበዛል እንጂ ራሱ እርጅና አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ መርምሯት በኋላ ስሙ የተሰጠውን በሽታ ያገኘባት ሴት ዕድሜዋ 51 ነበር።

ሁለተኛው ድንገት የሚመጣው ነው። ስሙ ዴሊሪየም ነው፤ እኔ በዚህ መጽሐፍ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት እለዋለሁ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነሣል። ጠዋት ልባም የነበረው ሰው ማታ ይቀባዥራል፣ የሌለ ሰው ያያል፣ ልብሱን ይነጫል፣ ወይም ደግሞ ጭራሽ ጭጭ ይላል። ይህ ዝም የሚያሰኘው ዓይነት ከሁሉም የበለጠ ያታልላል፤ ቤተሰብ «ዛሬ እንኳ ጸጥ ብለዋል» ይላል። አንድ መለያ ልንገራችሁ፦ ልቡ አንድ ቦታ አይረጋም። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ቁጠሩልኝ ብትሏቸው፣ እሑድ፣ ቅዳሜ ብለው ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ቀጥ አድርገው ሊቆጥሩ ይችላሉ። መምጣት መሄዱ ራሱ ምልክት ነው።

የዚህ ሁለተኛው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎል ውጭ ነው። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቆላ ወርደው የተመለሱ ከሆነ ወባ ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ላያተኩሰው ስለሚችል፣ ግንባር ዳብሶ «ትኩሳት የለም» ብሎ መተው አይበቃም። ውኃ ማጣት ብቻውን ያዛባል፤ ሽማግሌ ሰው ጥሙ ይቀንሳል፣ ሳይጠጣ ይውላል። ሽንት ታግቶ ሆድ ሲነፋ ያቅበዘብዛል። የእንቅልፍ ኪኒን፣ አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት ያዛባል። የስኳር ሕመምተኛ ሆነው መድኃኒቱን ወስደው ምግብ ካልበሉ፣ ስኳራቸው ወርዶ ላብ በላብ ሆነው ሊዘባርቁ ይችላሉ፤ ይህ በደቂቃዎች የሚድን፣ በሰዓታት የሚገድል ነገር ነው። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ስጧቸው። መዋጥ ካልቻሉ ወይም ከተዝለፈለፉ ግን በአፋቸው ምንም አታድርጉ፤ በጎን አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ፊታቸው በአንድ በኩል ከወረደ፣ አንዱ ክንዳቸው አልነሣ ካለ፣ ወይም ምላሳቸው ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሡ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ስለ መውደቅ የምናገረው ከቤቴ ነው። አክስቴ ጎንደር ውስጥ ከጠበል ስትመለስ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ትንሽ ራሷን አመማትና ተነሣች፤ ረሳነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቡና እያፈላች ጀበናውን ባዶውን መጣድ ጀመረች፣ ቀጥሎ እኔን በሟች ወንድሟ ስም ጠራችኝ። «ጃጀች» አልን። የወሰድናት አንድ ክሊኒክም «ዕድሜ ነው» ብሎ መለሰን። በመጨረሻ የጭንቅላቷ ምስል ሲነሣ በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም ተገኘ። በአረጋውያን ላይ እንዲህ ያለው ደም ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። በቀዶ ጥገና ወጣላት፣ ቡናዋንም መልሳ አፈላች። ሳምንታት ያባከነብን ያ አንድ ቃል ነበር።

ሌላም አለ። ጆሮ የማይሰማ ሰው መልሱ የተጣመመ ይሆናል። ሞራ ዓይኑን የጋረደው ሰው ሰው አይለይም፣ መንገድ ይስታል። የእንቅርት ችግር አእምሮን ሊያዘገይ ይችላል። እነዚህን ሁሉ ጃጅተዋል ብለን ማዕዘን ላይ አስቀምጠናቸዋል። ስለዚህ «ስምዎ ማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት በግራ ጆሯቸው፣ ቀጥሎ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ሰላም በሏቸው።

መንገድ ላይ ያገኛችኋቸውን እንግዳ አረጋዊ ታሪክ አታውቁም። የትኛው እንደሆነ መለየት የእናንተ ሥራ አይደለም። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ፣ የሚያውቃቸው እስኪገኝና «መቼ ጀመራቸው?» የሚለው እስኪመለስ ድረስ ነገሩን ድንገተኛ ሕመም አድርጋችሁ መያዝ ነው።

የእግዜር እንግዳ

አያቶቻችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ነበራቸው። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ ያስገቡታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ እህል ያቀርቡለታል፤ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየዓመቱ የካቲት 16 የሚተረከው የበላዔ ሰብእ ታሪክ እንኳ ለተጠማ ሰው በተሰጠ ጥርኝ ውኃ ላይ የቆመ ነው። የዚህ ሥርዓት ቅደም ተከተል ለተደናገረ አእምሮ ልክ የሆነ መድኃኒት ነው፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃና እህል፣ ጥያቄ በመጨረሻ።

አቀራረቡ ይህን ይመስላል። ከፊት ለፊት ኑ፤ ከኋላ የመጣ እጅ ያስደነግጣል። ዝቅ በሉ። የሚያናግራቸው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌላው ይራቅ። ክንዳቸውን አትጎትቱ፣ ከዘራቸውን አትንጠቁ፤ ከዘራው ሦስተኛ እግራቸው ነው። አንቱ በሏቸው፤ አእምሮው የከዳው ሰው ክብሩን የነኩበት ጊዜ ወዲያው ይገባዋል። አጭር ጥያቄ ጠይቁና ጠብቁ። እኛ በአምስት ቁጥር የምንሰለቸው ዝምታ ለእሳቸው ቃል የሚፈልጉበት ጊዜ ነው።

አትሟገቱ። «እናቴ ትጠብቀኛለች» ላሉ የሰማንያ ዓመት አዛውንት «እናትዎ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው!» ማለት መርዶ መንገር ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ መርዶው አዲስ ነው። «እናትዎ የት አገር ናቸው?» በሏቸው። በአንድ ጥያቄ ልባቸውም ይረጋል፣ መንደራቸውም ይታወቃል። የመርሳት በሽታ አዲሱን አስቀድሞ ይወስዳል፣ የልጅነቱን እስከ መጨረሻ ይተዋል። የስልክ ቁጥር ይጠፋል፣ የደብር ስም፣ የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት፣ የልጅነት ወንዝ ግን ይቆያል። ሙስሊም አባት ከሆኑ መስጊዳቸውን፣ ቁርአን የቀሩበትን ሼህ ጠይቁ።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። በኋላ የተማሩት አስቀድሞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከጎንደር ገጠሮች ወጥተው እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን አረጋውያን፣ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶች መንገድ ሲጠፋቸው፣ ፖሊሱ የሚጠይቃቸው በማይመልሱለት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ፌርማታ ላይ ዞር ዞር ሲሉ ካያችሁ ቆም በሉ። «እማማ፣ ደኅና ነዎት?» የሚለው የእናንተ አማርኛ በዚያ ሰዓት ማንም ሌላ የሌለው ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ። የኮሶዬ፣ የአምባ ጊዮርጊስ፣ የዳባት ሌሊት በራሱ ያዛባል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይፈዛል፣ ምላሱ ይከብዳል፣ መንቀጥቀጡም ጭራሽ ሊቆም ይችላል፤ «አሁን ተሻላቸው» የምንለው ያኔ ነው። እርጥብ ልብስ ካለ አውልቁ። ደረቅ ጋቢ አልብሱ፣ ራሳቸውን ሸፍኑ፣ ከባዶ መሬት ለይታችሁ አጎዛ ወይም ቡሉኮ ላይ አስቀምጧቸው። በደንብ ነቅተው የሚውጡ ከሆነ ትኩስ አጥሚት ወይም ሻይ በትንሽ በትንሹ ስጡ።

ሁለት ነገር በጥብቅ እለምናችኋለሁ። አረቄ አትስጧቸው። አረቄ ቆዳን ያሞቃል፣ የውስጡን ሙቀት ግን አውጥቶ ይበትናል፤ ለበረደው ሽማግሌ ጠላት ነው። ሁለተኛው፣ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር አትዝጉ። በየደጋው በብርድ ወራት ስንት ቤተሰብ ተኝቶ የቀረው በከሰል ጭስ አልባ መርዝ ነው፤ ያ መርዝ ራሱ መጀመሪያ የሚያደርገው ራስን ማዞርና ማደናገር ነው። እሳት ካለ በሩ ገርበብ ይበል። የደነዘዘ እግራቸውንም ወደ እሳቱ አታስጠጉ፣ መቃጠሉን አይነግሯችሁም።

የማን ናቸው?

ሙቀት አግኝተው፣ ጉሮሯቸው ከራሰ በኋላ ዘመድ ፍለጋ ይጀመራል። በአገራችን ገጠር እናቶች ገንዘብና ወረቀት የሚቋጥሩት በመቀነታቸው ወይም በነጠላቸው ጫፍ ነው። መፈተሽ ካለበት ሴት ትፈትሽ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ይይ፣ የተገኘው በዚያው ይጻፍ። ብር ካለ ቁጥሩን ጻፉ። ይህ እሳቸውንም እናንተንም ይጠብቃል።

ፖሊስና ቀበሌ አሳውቁ። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያ ካለ ካህናቱን ንገሩ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ በድምፅ ማጉያ የተነገረ ነገር በሦስት ቀበሌ ይዳረሳል። ፎቶ ማንሣት ካስፈለገ ፊታቸው ታጥቦ፣ ልብሳቸው ተስተካክሎ፣ ቀና ብለው ይነሡ። ሲዘባርቁ የተቀረጸ ቪዲዮ ዘመድ አያመጣም፣ ቤተሰብ ያዋርዳል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ሁሉን አትናገሩ። አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ እጃቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ወይም የልጆቻቸውን ስም፣ ለራሳችሁ አስቀሩ። «አባቴ ናቸው» ብሎ የመጣ ሰው ያንን ይናገር። ሽማግሌው ሲያዩትም ፊታቸውን ተመልከቱ፤ ስም የረሳ ሰው እንኳ የሚወደውንና የሚፈራውን ፊት ላይረሳ ይችላል።

ብዙ ሰው ከመርዳት የሚሸሸው በክፋት አይደለም። «ብነካቸውና አንድ ነገር ቢሆኑ ጣጣው ለእኔ ነው» ብሎ ነው። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ ጥሎት የሄደውን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ምስክር አቁማችሁ፣ ለሚመለከተው ተናግራችሁ የረዳችሁትን ማንም በደለኛ አያደርጋችሁም።

ዘመድ ያልተገኘስ እንደሆነ? ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ ሰው አለን። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ ከየጎዳናው የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክራቸው አገር ያወቀው ነው። ለመጀመር በእርግጥ በቂ ነው። የእኔ ልመና፣ ሰው ሆነን ከቆምን በኋላ ትንሽ እውቀት እንጨምርበት ነው፤ ጎንደር ላይ ደግሞ እውቀቱ ሩቅ አይደለም። የጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ጀምሮ ይህ ደጋ የጤና ባለሙያ እግር ለምዷል። ኮሶዬ ራሷ ከ1963 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ያለው የጤናና የቤተሰብ ኑሮዋ በዴኒስና በአንድሩ ካርልሰን መጽሐፍ ሆኖ ታትሞላታል። ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት በየመንደሩ ብዙ አስተምረናል። ስለ አረጋውያን ያስተማርነው ትንሽ ነው፤ ይህ ጉድለት የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ሽማግሌውን ሴትዮዋ ቤቷ አስገባቻቸው፤ በሩ ገርበብ ብሎ እሳቱ ዳር አጎዛ ላይ ተቀመጡ። እኔ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ ከሚገባው በላይ ይፈጥን ነበር። ጎማው ተሠርቶ ሲያልቅ ሹፌሩ ያለ ሒሳብ ዞሮ ወደ ሆስፒታል አደረሳቸው። የሳንባ ምች ነበር። የልጃቸው ልጅ በሌሊት ደረሰ፤ እሑድ ማታ ማሳል ጀምረው ሰኞ ዝም ብለው እንደነበር፣ ማክሰኞ ከቤት ሲወጡ ማንም እንዳላያቸው ነገረን። ከገደሉ አፋፍ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቀው ነበር የተቀመጡት። በአምስተኛው ቀን ለነርሷ የበጉን ዋጋና ነጋዴው ስንት ሊያታልላቸው እንደነበር ሲነግሯት ሰማሁ። በቅሎ ስለምትባል ነገር ምንም አያስታውሱም።

ቤታችሁ መርሳት የጀመረ አባት ወይም እናት ካለ ደግሞ አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ሰው የሚጠፋው አንድ ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያመራው ወደ ድሮ መንደሩ፣ ወደ ድሮ ደብሩ ነው። ለሱቁ፣ ለባጃጅ ነጂዎቹ፣ ለንስሐ አባታቸው፣ ለእድሩ ሰብሳቢ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አያሳፍርም። ከዚያ ማታ ሲተኙ ጋቢያቸውን ወይም ነጠላቸውን አንሡና በጥለቱ ውስጠኛ በኩል የክርስትና ስማቸውንና የእናንተን ስልክ ቁጥር በክር ጥለፉበት።